የግራዝማች ደምሴ ማቀዝቀዣ

ኤሲ ሲበላሽ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ቃል ነው። «ትናንት እኮ ደህና ነበር!» ይላል። ሟችም ትናንት ደህና ነበር። ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ።

ይህን ቃል ስሰማ ሃምሳ ዓመት አለፈኝ። ጉልበቴ አልቋል። መሰላል መውጣት ትቻለሁ። ስልኬ ግን ጡረታ መውጣቴን አልሰማም። ከኮምቦልቻ ይደውላሉ፤ ከሎጊያ ይደውላሉ። ጋሽ ሰይድ፣ ኤሲው እምቢ አለ ይሉኛል። ፊልትሮውን አጥባችሁታል? እላለሁ። ሄደው ማሽኑን ያያሉ። ከዚያ «ፊልትሮ አለው እንዴ?» ይመጣል። ከገዙት አራት ዓመታቸው! ሸሚዙን አራት ዓመት ሳያጥብ የለበሰ ሰው ቢያሳክከው ልብስ ሰፊውን ይከሳል?

እስቲ ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ደግሜ የምናገርበት አቅም የለኝም። ኤሲ እምብዛም አርጅቶ አይሞትም። ታፍኖ ነው የሚሞተው። በፊቱ የቤቱን አየር በወንፊት እየሳበ ያቀዘቅዛል። ፊልትሮ የምንለው ያንን ወንፊት ነው። አቧራ ከጠገበ ማሽኑ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሆዱ ውስጥ በረዶ ይጋግራል። በጀርባው ደግሞ ከቤት የሰበሰበውን ሙቀት ወደ ውጪ ይተፋል። የሚተፋበትን ከዘጋችሁበት የተፋውን መልሶ ይውጣል፤ ሞተሩ ያለ ዕረፍት ሲለፋ ይቃጠላል። በቃ፣ ትምህርቱ ይኸው ነው። በየሁለት ሳምንቱ ወንፊቱን እጠቡ። ጀርባው የሚተነፍስበት ቦታ ተዉለት። መብራት ሲወርድና ሲወጣ አጥፉት። ጋዝ ጨምርልኝ የሚለኝም አለ። ጋዙ እኮ ቤንዚን አይደለም፤ ነድዶ አያልቅም። ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ያንን ሳይደፍኑ መሙላት በተቀደደ ስልቻ ውሃ መቅዳት ነው።

ማን ይሰማል? አንዱ ኮምቦልቻ ላይ ሌባ ፈርቶ የውጪውን ሞተር በቆርቆሮ ሳጥን ከድኖ ቆለፈበት። ሌባው ሳይመጣ ሞተሩ ሄደ። የሎጊያዋ ደንበኛዬ ደግሞ ፀሐይ እንዳይመታው ብላ ብርድ ልብስ አለበሰችው። አዝናለት እኮ ነው! ብርድ ልብሱን ስገልጠው አስከሬን የምገልጥ መሰለኝ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገሬ ሰው። ይላል እንጂ ቅጠል ይዞ የጠበቀኝ የለም። በዚህ ሁሉ ዘመን ምክሬን አንዲት ሳያስቀሩ የሰሙኝ አንዲት እመቤት ብቻ ናቸው። እሳቸውም ቢሆኑ ቅዝቃዜ አምሯቸው አይደለም። አገራቸው መካነ ሰላም ነው። ጠዋት ጠዋት ከአፍ ጭስ በሚወጣበት ደጋ ማቀዝቀዣ! ሳቁ፣ ግድ የለም። እኛም ስቀናል፤ ሳቅ በጠፋበት ጊዜ።

ጊዜው የክፉ ቀን ነው። ወሎ የተራበበት፣ አዲስ አበባ ላይ መንግሥት የተገለበጠበት። እኔ ከመካነ ሰላም ወጥቼ አሰብ ወደብ ላይ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አሰብ ሙቀቱ ድንጋይ ያስለቅሳል። የፈረንጆቹ ቤት ሁሉ ማቀዝቀዣ ነበረው። የያኔው ማሽን ፊትና ጀርባው አንድ ሳጥን ነው፤ ግድግዳ ተበስቶ ይሰካል፤ ፊቱ ቤት ውስጥ፣ ጀርባው ደጅ። መፍታትና መግጠሙን እዚያ ተማርኩ። አባቴ ሲሞት እናቴን ልወስዳት መጣሁ። የአባትህን መቃብር ጥዬ የትም አልሄድም አለች። እሷን ጥዬ መሄድ እኔም አቃተኝ። ራዲዮ እየጠገንኩ ተቀመጥኩ።

አባቴ ያርሰው የነበረው መሬት የግራዝማች ደምሴ ነበር። ጢሰኞች ነን። ግራዝማች ውጡ ካሉ እንወጣለን። ይህን ያዙልኝ፤ ፈሪነቴን ስነግራችሁ እንዳትፈርዱብኝ።

አንድ ቀን እኒሁ ግራዝማች አስጠሩኝ። በሩ ላይ ስደርስ ብዙ የተራበ ሰው ተቀምጧል። ከዓባይና ከበሽሎ ቆላ የተነቀለ ሰው ነው። ጉልበት የቀረው በአቀስታ አድርጎ ወደ ደሴ ያዘግማል፤ ጉልበቱ የከዳው እንዲህ በየሰው አጥር ሥር ይቀራል። አንዲት ሴት ትንሽ ልጅ ታቅፋ መንገዱን ዘግታለች። እግሯን መሰብሰብ አልቻለችም። ተሻግሬያት ገባሁ። ዘሃራ እንደምትባል በኋላ ነው ያወቅሁት።

ሳሎን ስገባ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳም። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። በአንድ ግድግዳ ማቀዝቀዣ ተሰክቷል፤ አሰብ የሚሠራ አማቻቸው የላከላቸው ነው። በማዶ ከሰል ይነዳል። በመካከል ግራዝማች ሁለት ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። አጃኢብ! አልኩ በሆዴ። መብራቱን ከየት አመጡት አትሉም? ግራዝማች የእህል ወፍጮ ነበራቸው። የሚፈጭ ሲጠፋ ወፍጮው ሥራ ፈታ። ሞተሩ ላይ ዲናሞ አስገጥመው ሽቦ እስከ ቤታቸው ሳቡ። እህል ይፈጭ የነበረ ሞተር ብርድ ይፈጭ ጀመር።

ማሽኑ ከመጣ ወር አልሞላውም፤ ጉርር ይልና ይሞታል፤ ደግሞ ጉርር ይልና ይሞታል። ካቻቢቴዬን አውጥቼ ፊቱን ፈታሁ። ውስጡ ደህና ነው። ጀርባው ወዴት ነው የሚወጣው? ብዬ ጠየቅሁ። ግራዝማች ከሰሉን ቆሰቆሱ። ባለቤታቸው እትዬ የሺ በር ላይ ቆመው ነበር፤ መሬት መሬት አዩ። ጀርባውን ሳላይ ምንም ማድረግ አልችልም ስል ግራዝማች ከአንገታቸው ቁልፍ አወጡና የጎን ክፍሉን ከፈቱልኝ።

እስከ ጣራው ድረስ ጆንያ ነው። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ። የማሽኑ ጀርባ ከጆንያው ጋር ተጣብቋል፤ እፍኝ አየር የሚገባበት የለም። እህሉ አፍኖ ገደለው! ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ቁጣ ነው ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ፍርሃት ነው የተሰማኝ። ማየት የሌለብኝን እንዳየሁ ገባኝ።

ግራዝማች፣ ወይ እህሉ ይነሳ ወይ ማሽኑ ይነሳ አልኳቸው። እህሉ አይነሳም አሉ። እንግዲያስ ብርድ አገር ስለሆነ ማራገቢያው ብቻ ይሽከርከር፣ ለሞተሩም ዕረፍት ነው አልኩ። አይሆንም አሉ።

«አያጓራም» አሉኝ።

«እንዴት?»

«ማራገቢያው ብቻ ሲሆን አያጓራም። እኔ ቅዝቃዜው ምን ይሠራልኛል? ድምፁን ነው የምፈልገው።» ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «መስኮት ብዘጋም ይሰማኛል። ስለ እመብርሃን ይላሉ፣ ስለ ነቢ ይላሉ። ልጆቹ ሲያለቅሱ ይሰማኛል። ክፉ ሰው አይደለሁም እኮ ሰይድ፤ መስማት ነው ያቃተኝ።»

ምን ይባላል? አልሰማም ያለውን ሰው በማሽን ማደንቆር የእኔ ሙያ ሆኖ ቁጭ አለ! እሺ አልኩ። ማሽኑን ከዚያ ግድግዳ ነቅዬ በአጥሩ በኩል ወዳለው ግድግዳ አዛወርኩት። ጀርባው ወደ ደጅ ወጣ፣ አየር አገኘ። እንደ በሬ አጓራ። ግራዝማች ደስ ብሏቸው ከምሳ በኋላ መኝታ ቤታቸው ገብተው ተኙ።

እኔ የድሮውን ቀዳዳ ልደፍን ጭቃ ሳቦካ እትዬ የሺ መጡ። ቀጭን ሴት ናቸው፤ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ሰምቼ አላውቅም። ቀዳዳውን ቁመው አዩት። በቀዳዳው በኩል ጆንያው ይታያል።

«ሰይዶ፣ ይሄን ስትደፍነው ጥብቅ አድርገህ ነው?»

«አዎ እትዬ፣ አይጥ እንዳይገባ።»

«አይጥ ቢገባ ምን አለ» አሉኝ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ቁልፉ ከግራዝማች አንገት ወርዶ አያውቅም። ለቤቱ የሚፈጨውን እንኳ ግራዝማች ራሳቸው ናቸው የሚያወጡላቸው።  እኔም እናቴን አሰብኩ፤ ጎጇችንን አሰብኩ። ተያዝን ማለት ሜዳ ላይ ወደቅን ማለት ነው። ከዚያ በሩ ላይ የተሻገርኳት ሴት እግር ትዝ አለኝ። ሳንቃ ቆረጥኩ። በቀዳዳው ልክ የሚገባና የሚወጣ ክዳን ሠራሁ፤ ፊቱን ጭቃ ቀባሁት። እትዬ የሺ ከመኝታ ቤት ምንጣፍ አምጥተው አንጠለጠሉበት።  ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እንዲህ ሆነ። ግራዝማች በልተው ይተኛሉ። ማሽኑ ያጓራል። እትዬ የሺ ምንጣፉን ይገልጣሉ፣ ክዳኑን ያወጣሉ፣ እጃቸውን እስከ ትከሻ ሰደው ጆንያውን በቢላ ይቀድዳሉ። እህሉ ወደ ሰፌዳቸው ሲወርድ ይንሿሿል፤ ማሽኑ ካላጓራ ይሰማል። የጎደለውን ጆንያ ገለባ ይሞሉታል፤ ክምሩ እንዳይናድ። ገለባ የሞላው ስለሚቀል ገፋ አድርገው ከኋላው ያለውን ይስባሉ። በፊት ለፊት ያለው ረድፍ አልተነካም፤ ግራዝማች በሩን ሲከፍቱ የሚያዩት እሱን ነው። የወጣው እህል ንፍሮ ይሆንና በኩሽናው ጀርባ አጥሩን ያልፋል።

ሰው ለምን እዚያ ተሰበሰበ? ይባላል አይደል? እዚህ ላይ ማሽኑ ራሱ ዋሸልን። ጀርባው በአጥሩ በኩል ሙቅ አየር ይተፋል አላልኳችሁም? ብርድ የጠበሳቸው ሰዎች ሙቀቱን ብለው ከሥሩ ተኮለኮሉ። ግራዝማች አንድ ቀን አይተው ምን ይሠራሉ? ብለው ጠየቁ። ይሞቃሉ አሉ እትዬ የሺ። እሱስ ምንም አያስከፍለኝ ብለው ገቡ።

አሁን ገባችሁ? ያ ማሽን አንድ ቀን ቢቆም ስንት ሰው ጦሙን ያድራል። ስለዚህ እትዬ የሺ ምክሬን እንደ ጸሎት ያዙት። ወንፊቱን በየሳምንቱ በለብታ ውሃ አጥበው ጥላ ውስጥ ያደርቁታል። ከጀርባው የተጠጋ ሰው ካለ ትንሽ ፈቀቅ በሉ፣ ይተንፍስ ይላሉ። የወፍጮው ሞተር ድምፁ ሲለዋወጥ አምፖሉ ሲርገበገብ ያያሉ፤ ሮጠው ያጠፉታል። ሳሎኑ እንዳይቀዘቅዝ ከሰሉን አያቋርጡም፤ ቤቱ ከቀዘቀዘ ማሽኑ በረዶ እንደሚጋግር ነግሬያቸዋለሁ። ለጭሱ ደግሞ የጓሮውን በር ገርበብ ያደርጋሉ። የአሰብ ፈረንጅ እንዲህ አድርጎ ማሽን ሲይዝ አላየሁም። እኔም በየሳምንቱ ለምርመራ እያልኩ እሄዳለሁ።

ሁሉም ዳነ እንዳልላችሁ። ንፍሮ በቅል ነው የሚወጣው፤ የሚመጣው ሰው ጎርፍ ነው። የዘሃራ ትልቅ ልጅ መንገድ ላይ ቀርታባታለች። ትንሿ ደግሞ እዚያ ግድግዳ ሥር ሳምንት ሙሉ ዓይኗን አልገለጠችም። በአጥሩ በኩል ሳልፍ ዘሃራን ልጅሽ እንዴት ዋለች? እላታለሁ። «አልሃምዱሊላህ፣ ትተነፍሳለች» ትለኛለች። መልሷ ይሄው ብቻ ነበር። አንዳንድ ጠዋት ስሄድ ግድግዳው ሥር ትናንት የነበረ ሰው አይኖርም። አልጠይቅም ነበር። ደክሞኝ ነው። ገና ወጣት ሆኜ ያኔ የደከመኝ ድካም እስካሁን ያልለቀቀኝ ይመስለኛል።

አንድ ቀን የፈራነው ደረሰ። እኔ ማሽኑ እያጓራ ፊቱን ከፍቼ ወንፊቱን አውጥቻለሁ። እትዬ የሺ ምንጣፉን ገልጠው እጃቸው ቀዳዳው ውስጥ ነው። ድንገት የወፍጮው ሞተር ታነቀና ጸጥ አለ። ማሽኑም ጸጥ። እንዲህ ያለ ጸጥታ አይግጠማችሁ። እህሉ ወደ ሰፌዱ ሲንሿሿ ዝናብ ይመስላል። ወዲያው የአልጋው ርብራብ ሲንጫጫ ሰማን።

እትዬ የሺ ክዳኑን መለሱ፣ ምንጣፉን ለቀቁ። ሰፌዱን ግን የት ያድርጉት? ገብስ ሞልቶ እጃቸው ላይ ነው። ግራዝማች ብቅ አሉ። ሚስታቸውን አዩ፣ ሰፌዱን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ይሄ ገብስ ምንድነው?»

እትዬ የሺ ሰፌዱን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። አንደበቴን ማን እንደፈታው አላውቅም።

«ለማሽኑ ነው፣ ግራዝማች።»

«ምን?»

«እርጥበት ገብቶበታል። ወላሂ፣ የቆመውም በሱ ነው። ደረቅ ገብስ ከሥሩ ሲቀመጥለት እርጥበቱን ይመጥለታል። እትዬን ለቤት ከወጣው ላይ ለምኜ ነው።»

ግራዝማች ከገብሱ እፍኝ ዘግነው አዩት።  እናቴን በሐሳቤ ከነጓዟ መንገድ ላይ አወጣኋት።

«አሰብም እንዲህ ነው የምታደርጉት?»

«አሰብ ገብስ የለም፤ በሩዝ ነው።»

 ከዚያ ምን አሉ መሰላችሁ? «ስንት ይበቃዋል?»

በየሳምንቱ አንድ ቁና አልኩ። ሁለት ማለት ነበረብኝ፤ ፈራሁ። እርጥበት የጠጣውስ ገብስ ይበላል? ሲሉኝ ለቤት አይሆንም፣ ሆድ ያማል፣ ይደፋ አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግራዝማች በገዛ እጃቸው ቁልፍ እየፈቱ፣ በገዛ እጃቸው እየሰፈሩ ለማሽኑ ገብስ ያወጡ ጀመር። እትዬ የሺም «ይደፉታል»። ለሰው ቁና ገብስ የነፈገ ሰው ለብረት ሰፍሮ ሲሰጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ደግሞ አንድ ሳምንት ሲረሱ፣ እንዳይበላሽብኝ ብለው ሮጠው የሚያመጡት እሳቸው ናቸው።

እንዲህ እንዲህ ስንል ራዲዮው ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ። መንግሥት ወረደ። ቀጥሎ መሬት ላራሹ ተባለ። ተማሪዎችና ወታደሮች ወደየገጠሩ ተሰማሩ፤ እኛም ዘንድ አንድ መቶ አለቃ መጣ። እህል የሸሸገ ባለመሬት ይጋለጥ ተባለ። ግራዝማችን አስይዞ ሕዝቡን ገበያው ሜዳ ላይ ሰበሰበ። ጎተራው ይከፈት ሲል ግራዝማች ቁልፉን ከአንገታቸው ማውጣት እንኳ አቃታቸው።  አንድ ወታደር አወጣላቸው።

ወታደሮቹ ጆንያዎቹን ከቤቱ እያጋዙ ሜዳው ላይ ዘረገፉ። የፊተኛው ረድፍ እህል ነው። ሕዝቡ አጉረመረመ። ሁለተኛውን ዘረገፉ፤ ገለባ። ሦስተኛው ገለባ። እስከ መጨረሻው ገለባ ነው። ነፋሱ እያነሳ በተነው። ግራዝማች አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከሁሉ የደነገጡት እሳቸው ነበሩ።

መቶ አለቃው ግን አሞኘኝ ብሎ ነደደ። ዋናውን እህል የት አሸሸኸው? አለ። ግራዝማች አላውቅም አሉ። እንዲህ ያለ መልስ ማን ያምናል? ቁልፉ ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅ። ተናገር፣ አለዚያ ከዚህ ሜዳ አትመለስም አለ፤ ወታደሩም ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። እኔ እዚያው ሰው መካከል ነኝ። እውነቱን አውቃለሁ። ምላሴ ግን ከላንቃዬ ጋር ተጣብቃለች። ብናገር እትዬ የሺን ምን ያደርጓቸው ይሆን? ብዬ ነው እል ነበር በኋላ። ውሸት ነው። ፈርቼ ነው።

ከጀርባ አንዲት ሴት ተነሳች። ዘሃራ ናት። ልጇን በእጇ ይዛለች፤ ልጅቷ በእግሯ ቆማለች።

«እህሉን ነው የምትፈልጉት?» አለች።

«አዎ» አለ መቶ አለቃው።

«እኛ በላነው።» ወደ ልጇ አመለከተች። «የተረፈው ይሄው፤ እዚህች እግር ላይ አለ። ከሳቸው ቤት በየቀኑ ሲወጣልን ከርሟል። በዚያ በሞቃቱ ግድግዳ በኩል።»

እኔም በልቻለሁ አለ አንድ ሽማግሌ። እኔም አለች ሌላ። ከየቦታው ተነሱ። ብዙዎቹ አልነበሩም፤ የቀሩት ግን ሁሉም ተነሱ። መቶ አለቃው ወደ ግራዝማች ዞሮ እውነት ነው ወይ? አላቸው።

ግራዝማች ሚስታቸውን ፈልገው አዩ። እትዬ የሺ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ቁመዋል። ምን እንደተያዩ እነሱ ያውቃሉ።  ከዚያ ግራዝማች ወደ መቶ አለቃው ዞረው «አዎ» አሉ። «እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ምጽዋት በይፋ አይሰጥም ብዬ ነው በጓሮ ያደረግሁት።»

ወላሂ እንዲህ ብለው! ሳይንተባተቡ! ሕዝቡ አጨበጨበ። መቶ አለቃው እጃቸውን ጨበጠ። መሬታቸው እንደ ሌላው ባለመሬት ተወሰደ፣ ወፍጮውም ተወሰደ፤ ሞተሩ ከሄደ ማሽኑ ሥራ ፈታ። ሲቆም ግን ጤነኛ ነበር፤ ምስክር ነኝ። ሌሎቹ ባለመሬቶች ወህኒ ሲወርዱ ግራዝማች ደምሴ የሕዝብ ወዳጅ ተብለው ቤታቸው ተቀመጡ።

እኔ ከሳቸው ይልቅ በገንኩ። እትዬ የሺን ጓሮ አገኘኋቸውና፣ እትዬ፣ እንዴት ዝም ይላሉ? እርስዎ በትከሻዎ የቆፈሩትን እሳቸው በምላሳቸው ሲወስዱት? አልኳቸው።

ሳቁ። ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ተወው ሰይዶ» አሉኝ። «ዕድሜ ልኩን ስለ ክፉው ሲዋሽ ኖሯል። አንድ ቀን ስለ ደጉ ቢዋሽ ምን አለበት? ቃሉ ከአፉ ወጥቷል። እንግዲህ ይኑረው።»

ያኔ አልገባኝም። የገባኝ ሲውል ሲያድር ነው። ግራዝማች ደግ ናቸው የሚለው ወሬ ከመካነ ሰላም ወጥቶ እስከ ወሎዋ ማሻ ደረሰ። የተቸገረ ሁሉ ወደ እሳቸው መጣ። ባል የሞተባት መጣች፤ በሬ የሞተበት መጣ፤ ወላጅ ያጣ ልጅ መጣ። እንዴት እምቢ ይበሉ? የሕዝብ ወዳጅ ናቸዋ! እምቢ ካሉ የሜዳው ነገር ሊመረመር ነው። በግድ ሰጡ። ከዚያ በልማድ ሰጡ። የሞተ ቀበሩ፣ የተጣላ አስታረቁ፣ ከቀረቻቸው ጓሮ ድንች እየቆፈሩ አካፈሉ። ዘሃራንና ልጇን ጎን ያለውን ክፍል፣ ያንን የእህሉን፣ ሰጥተው አኖሯቸው። ማስመሰልና እውነት የት ላይ እንደተለያዩ እኔም አላወቅሁ፣ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም።

ከዓመታት በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አርጅተዋል። ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ተቀምጠዋል፤ ሦስት ሰው ተራ ይጠብቃል። ሲያዩኝ ጎን ያለውን ድንጋይ መታ መታ አደረጉልኝ። ተቀመጥኩ። ቀስ ብለው፣ ማንም እንዳይሰማቸው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«ሰይድ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ እስቲ እውነቱን ንገረኝ» አሉኝ። «ደግ መሆን ለሁሉም ሰው እንዲህ አድካሚ ነው?»

«አላውቅም ግራዝማች» አልኳቸው። «እኔ ሞክሬው አላውቅም።»